አይብ ከማን ይገዛል? ለደብረ ብርሃንና ለአካባቢዋ ገዢዎች

አይብ ለመግዛት ገበያ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ ዐይኑን የሚጥለው አይቡ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ከአይቡ አስቀድሞ መመረጥ ያለበት ሻጩ ነው። በሰሜን ሸዋ አይብ እጅግ የሚፈለገው በገናና በፋሲካ ዋዜማ፣ እንዲሁም ፍልሰታ ሊፈታ ሲል ነው። በእነዚህ ቀናት ገዢውም ሻጩም በአብዛኛው ጾመኞች ስለሆኑ አይቡን ቀምሶ የሚፈርድ ሰው አይገኝም። መኮምጠጡ፣ ማረሩ፣ ጭስ መብዛቱ የሚታወቀው ጾሙ ሲፈታ ከዶሮ ወጡ ጎን ቀርቦ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ገበያው ተበትኗል። ስለዚህ በጾም የሚገዛ ሰው የሚመካው በራሱ እጅና አፍንጫ፣ ከሁሉም በላይ ግን በሻጩ ቃል ነው። ያ ቃል የሚታመን መሆኑን ማወቅ የሚቻለው አስቀድሞ፣ በፍስክ ወራት፣ እየቀመሱና እየጠየቁ በመግዛት ነው።

ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ስለ ገበያው አይብ ነው፤ ወደ መጨረሻው ግን ከአዲስ አበባ ሱቆች ስለሚገዛው ፎርማጆም ይነገራል፤ ባለሙያ ሻጭን የመጠቀሙ ዘዴ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነውና።

ሻጩን መለየት

በደብረ ብርሃን ገበያ አይብና ቅቤ የሚሸጡ ሰዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኞቹ ከገዛ ላሞቻቸው ያገኙትን ይዘው የሚመጡ፣ ሸጠው ሲጨርሱ ጨውና ቡናቸውን ገዝተው የሚመለሱ የገጠር እናቶች ናቸው። ከእነርሱ የሚገዛ ሰው ላሟ ምን እንደበላች፣ ወተቱ መቼ እንደታለበ፣ አሬራው በምን እሳት እንደሞቀ ከባለቤቷ አፍ ይሰማል። ችግሩ አንድ ቀን የተገኙት እናት በሚቀጥለው ገበያ ላይገኙ መቻላቸው ነው፤ ላሟ ስትነጥፍ አይቡም አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኞቹ ከባሶና ወራና፣ ከአንጎለላና ጠራ ወረዳዎችና ከሌሎችም አካባቢዎች የብዙ ቤት ምርት እየተረከቡ የሚሸጡ ነጋዴዎች ናቸው። ብዙ ሰው «ነጋዴ ያበላሸዋል» በሚል እምነት ይሸሻቸዋል። በእኔ አስተያየት ግን ባለሙያ ሊባሉ የሚገባቸው ከእነዚህ መካከል ጠንቃቆቹ ናቸው፤ ምክንያቱም የአንድ ቤት እመቤት የምታውቀው የራሷን እጅ ብቻ ሲሆን፣ ለዓመታት ስትረከብ የኖረች ነጋዴ ግን የብዙ ሴቶችን እጅ ታውቃለች። የማን አይብ ቶሎ እንደሚኮመጥጥ፣ ማን አሬራውን እንደምታሳርር፣ የማን ቤት ወተት ጭስ እንደሚበዛበት ስታወዳድር ትውላለች። ይህ እውቀት በገንዘብ አይሸጥም፤ ከአይቡ ጋር ተጨምሮ የሚሰጥ ነው፤ የሚሰጠው ግን ለሚጠይቅ ሰው ብቻ ነው።

ጠንቃቃዋን ነጋዴ ከሌላዋ ለመለየት አቀማመጧን ማየት ይበቃል። የልዩ ልዩ ቤቶችን አይብ በአንድ ሳፋ አትደባልቅም፤ እያንዳንዱ በመጣበት ኮባ ወይም ዕቃ እንዳለ ይቀመጣል። አይቡ የሚከደንበት ንጹሕ ጨርቅ አላት። ገንዘብ በተቀበለችበት እጅ አይብ አትዘግንም፤ ቅቤ በቆረጠችበት ቢላዋም አይቡን አትነካውም፣ የበሰለ ቅቤ ጠረን ወደ ለጋ አይብ ቶሎ ይጋባልና። ከሁሉም የሚበልጠው ምልክት ግን «ዛሬ የሚሆንሽ የለኝም፤ በሚቀጥለው ገበያ ነይ» ለማለት የማትፈራ መሆኗ ነው። ይህን የምትል ሴት ካገኙ ደንበኛዋ ይሁኑ።

ጥያቄውን በትክክል ማቅረብም ሙያ ነው። «ጥሩ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «መጥፎ ነው» የሚል ሻጭ በዓለም የለም። የሚጠቅመው ስለ ጊዜና ስለ ቦታ መጠየቅ ነው፤ ንግግሩም እንዲህ ያለ መልክ ይኖረዋል፦

«እናቴ፣ ይኼ አይብ የመቼ ነው?»

«ይኼኛው የትናንት ነው ልጄ፤ ያ በኮባ ያለው ዛሬ ጠዋት ከጫጫ የመጣ ነው። ለምን ልታደርጊው ነው?»

«ለጎመን ነው የፈለግሁት።»

«እንግዲያ ለጎመን የትናንቱን ውሰጂ። አጓቱ ጥሩ አድርጎ ተንጠፍጥፏል፤ ጎመኑን ውኃ አያደርግብሽም፤ ዋጋውንም ቀነስ አደርግልሻለሁ።»

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው «ለምን ልታደርጊው ነው?» የሚለው የሻጯ ጥያቄ ነው። ይህን የሚጠይቅ ሻጭ ዕቃውን ከአገልግሎቱ ጋር ያዛምዳል። ለክትፎና ለጎመን የሚሆነው ደረቅ ያለ አይብ ነው፤ ከዶሮ ወጥ ጎን ለብቻው የሚቀርበው ደግሞ ለስላሳና ለጋ ቢሆን ይመረጣል። ሻጯ ሳትጠይቅ ብትቀር እንኳ ገዢው አስቀድሞ ቢነግር፣ ለስንት ሰው እንደሆነና መቼ እንደሚበላም ቢጨምር፣ የሚሰጠው አይብ የተሻለ ይሆናል።

አሠራሩን ሳያውቁ መጠየቅ አይቻልም

ጥያቄዎቹ ፍሬ እንዲኖራቸው አይብ እንዴት እንደሚወጣ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከተማ ያደገ ሰው ይህን አያውቅም ብሎ መገመት ነውር አይደለም። ወተት በየቀኑ እየታለበ በወይራ በታጠነ ቅል ወይም እንስራ ይጠራቀምና ይረጋል። በደብረ ብርሃን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ በሚሆነው ብርድ፣ ወተት በቆላ እንደሚረጋው ቶሎ አይረጋም፤ ቀናት ይፈጅበታል፤ አንዳንድ ሰው ዕቃውን ወደ ምድጃው ያስጠጋዋል። ከዚያ እርጎው ይገፋል፤ ቅቤው ይወጣል፤ የሚቀረው አሬራ ነው።

አይብ የሚሠራው ከዚህ አሬራ ነው። አሬራው በለስላሳ እሳት፣ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት፣ ማለትም ጣት ሲነከር ማቃጠል ሊጀምር በሚችልበት ደረጃ፣ ሳይቸኩሉ ይሞቃል። እየቆየ ይቋጥራል፤ ነጩ አይብ ከቢጫ አረንጓዴው አጓት ይለያል። ከእሳት ወርዶ ከቀዘቀዘ በኋላ በጨርቅ ወይም በወንፊት ይጣራል፤ አጓቱ እስኪንጠፈጠፍ ይቆያል። ከ8 ሊትር ገደማ ወተት የሚገኘው አይብ 1 ኪሎ ቢሆን ነው፤ ዋጋው ተወደደ ብሎ የሚያማርር ሰው ይህን ስሌት ቢያስብ ሻጯን በክፉ ዐይን አያያትም።

የአይብ ጉድለቶች ሁሉ ከነዚህ ደረጃዎች በአንዱ ይወለዳሉ። እሳቱ ከበረታ አይቡ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ ሲታኘክም እንደ ጎማ ይሆናል፤ ከባሰ ከድስቱ ሥር ይይዝና የማረር ጣዕም ያመጣል። እሳቱ ካነሰ ደግሞ ሳይቋጥር ይቀርና ልልና ውኃማ ይሆናል። ቅቤው ተሟጦ ካልወጣ አይቡ ይሰባል፤ ይህን ጉድለት ነው ለማለት ይከብዳል፣ እንዲያውም ብዙ ሰው የሚወደው ይህንኑ ነው፤ ሆኖም ቶሎ ስለሚበላሽ በዕለቱ መበላት አለበት። ዕቃው ሲታጠን ጭሱ ከበዛ ወይም ከሰሉ በደንብ ካልተጠረገ ምሬት ይኖራል። በልኩ የታጠነ ዕቃ የሚሰጠው ስስ የወይራ ሽታ ግን የዚህ አገር አይብ ጌጥ ነው፤ ይህን ሽታ ሲያገኝ «ጭስ ጭስ አለ» ብሎ የሚመልስ ገዢ መልካሙን ዕቃ ለሌላው ይተዋል።

በጥሩ ሁኔታ የተንጠፈጠፈ አይብ እንኳ ከሦስት አራተኛው የማያንሰው ክብደቱ ውኃ ነው። አጓቱ ሳይንጠፈጠፍ በኪሎ የሚገዛ ሰው እንግዲህ አጓት በአይብ ዋጋ እየገዛ ነው። ሻጯ አይቡን ከመመዘኗ በፊት ኮባውን ዘንበል አድርጋ እንድታሳይ መጠየቅ መብት ነው፤ ጠንቃቃዋ ነጋዴ አትቀየምም።

ዐይን፣ እጅ፣ አፍንጫ፣ ምላስ

ጥሩ ለጋ አይብ ነጭ ወይም በጥቂቱ የቅባት መልክ ያለው ነጭ ነው፤ መልኩም ከዳር እስከ መሃል አንድ ዓይነት ነው። ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኖ የደረቀ ከሆነ አየር ሲመታው ቆይቷል ማለት ነው። ከላይ በአዲስ አይብ የተሸፈነ አሮጌ አይብ አንዳንዴ ያጋጥማል፤ ስለዚህ ከላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን ከመሃል ገለጥ ተደርጎ እንዲታይ ይጠይቁ። ሮዝ፣ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ነጥብ ያለበትን በምንም ዋጋ አይግዙ።

ሻጯ በንጹሕ ማንኪያ ጥቂት በመዳፍ ላይ ስታደርግልዎት በሁለት ጣት ጫን ያድርጉት። ጥሩው ተሰብስቦ ይቆይና ቀስ ብሎ ይፈረካከሳል፤ ውኃ አይተፋም፣ እንደ ሊጥም አይጣበቅም። የሚንሸራተትና የሚያሙለጨልጭ ከሆነ፣ ወይም ሲለያይ ክር የሚያወጣ ከሆነ ተበላሽቷል፤ ለዚህ ሁለተኛ አስተያየት አያስፈልግም። ሽታው ንጹሕ የእርጎ ኮምጣጣነት ሊኖረው ይገባል። የእርሾ፣ የጠላ ወይም የእርጥብ ጨርቅ ሽታ ያለው የቆየ ወይም በቆሻሻ ዕቃ የተያዘ ነው። ላሟ የበላችው መኖም በወተቱ ላይ ስለሚታይ፣ እንግዳ ሽታ ሲገጥም «ላሟ ምን እየበላች ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስኬዳል፤ የገጠሯ እናት ትመልሳለች፤ ባለሙያዋ ነጋዴም የአካባቢውን መኖ ታውቃለች።

በፍስክ ከሆነ ይቅመሱ። ቅምሻው ከአንድ ቤት አይብ በላይ ከሆነ ከለጋው ወደ ኮምጣጣው መሄድ ይሻላል፤ ኮምጣጣው ቀድሞ ከተቀመሰ ለጋው ውኃ ውኃ ይላል። በአፍ ውስጥ ሳይታኘክ ሊሟሟ የሚቃረበው፣ ኮምጣጣነቱ መጥቶ ቶሎ የሚሄደው ጥሩ ነው። ኮምጣጣነቱ ጉሮሮ ላይ የሚቀረው ሁለትና ሦስት ቀን አልፎታል፤ ያ ደግሞ ቅመም ገብቶበት ለጎመን ሊሆን ይችላል።

በዚህ ቦታ ስለ ጤና አንድ ነገር መነገር አለበት። የቤት አይብ በአብዛኛው የሚሠራው ካልተፈላ ወተት ነው፤ አሬራው የሚሞቅበት ሙቀትም በወተት የሚተላለፉ እንደ ብሩሴሎሲስና የከብት ነቀርሳ ያሉ በሽታዎችን አምጪ ተሕዋስያን አይገድልም። ለፓስቸራይዜሽን፣ ማለትም ወተትን አሙቆ ተሕዋስያኑን ለመግደል፣ በዝቅተኛው ሙቀት እንኳ 63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃን፣ ለአረጋዊና ለታማሚ የሚሆነው ወይ ከተፈላ ወይም ፓስቸራይዝድ ከሆነ ወተት የተሠራ አይብ ነው፤ ወይም ከጎመን ጋር ድስት ገብቶ በደንብ የፈላ። ጥሩ ሻጭ ይህን ስትጠየቅ አትሳደብም፤ ከየትኛው ቤት እንዲህ ያለ አይብ እንደሚገኝ ትነግራለች ወይም «የለኝም» ትላለች።

የጾሙ ቀን አቆጣጠርና የገበያው ዋጋ

የአካባቢያችን የአይብ ገበያ የሚታዘዘው በጾም ነው። ከረቡዕና ዓርብ ሌላ የሁዳዴ 55 ቀን፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚጾመው ፍልሰታ፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና የሚዘልቀው ጾመ ነቢያት አሉ። በእነዚህ ወራት ላሟ መታለቧን አታቆምም፤ የወተት ጠጪው ቁጥር ግን ይወርዳል። ስለዚህ ገበሬው ወተቱን ወደ ቅቤ ያዞረዋል፤ ቅቤ ሊቀመጥ ይችላልና። አይቡ ግን አይቀመጥም። በጾም መካከል አይብ ርካሽ የሚሆነው፣ ሊፈታ ሲል ደግሞ የሚወደደው ለዚህ ነው። ለማይጾሙ ቤተሰቦች፣ በተለይ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ አጣዬ ላሉ ሙስሊም ወገኖቻችን፣ የሁዳዴ መካከል ምቹ የመግዣ ወቅት ነው፤ ሻጯ ጾመኛ ብትሆንም ገዢው ራሱ መቅመስ ይችላል።

ለፋሲካ የሚገዛ ሰው ከሆሣዕና በፊት ለደንበኛው ሻጭ መንገር አለበት። የሚነገረው ሦስት ነገር ነው፦ ምን ያህል ኪሎ፣ ለጋ ወይስ የተንጠፈጠፈ፣ የትኛው ቀን እንደሚወሰድ። ጥቂት ቀብድ መስጠት ለሁለቱም ወገን ዋስትና ነው። ነጋዴዋ ይህን ስታውቅ የምታምናቸውን ቤቶች አስቀድማ ታዝዛለች፤ እነርሱም እርጎውን ቀኑን ቆጥረው ይገፋሉ። ሳይነገር በቅዳሜ ሥዑር የሚመጣ ገዢ የሚያገኘው ሌላው ያልፈለገውን ነው።

መንገዱም መታሰብ አለበት። ደብረ ብርሃን ላይ በጥላ ሥር ሁለት ቀን የሚቆይ አይብ ከጣርማ በር ወርዶ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ በቆላው ሙቀት በግማሽ ቀን ሊኮመጥጥ ይችላል። ወደ ቆላ የሚወስድ ሰው በዕለቱ የወጣውን፣ በጣም የተንጠፈጠፈውን ጠይቆ፣ ጠዋት በብርዱ ቢጓዝና ኮባውን በእርጥብ ጨርቅ ቢጠቀልል ይበጀዋል። በጥብቅ በተቋጠረ ፌስታል መያዝ ግን አይቡን ያፍነዋል፤ በኮባ ያለውን ከነኮባው ማስቀመጥ ይሻላል።

ፎርማጆ ሲፈለግ

ለብዙ ጊዜ የሚቀመጥ ጠጣር ፎርማጆ የአካባቢው ገበያ ዕቃ አይደለም፤ የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው የሚገዛው 130 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ካለችው አዲስ አበባ ነው። በዚያ ሁለት ዓይነት አገዛዝ አለ፤ ታሽጎ ከሱፐርማርኬት ማቀዝቀዣ ማንሳት፣ ወይም ፎርማጆን ሥራዬ ብሎ ከያዘ ሱቅ አስቆርጦ መግዛት። ዋጋው ቢበልጥም ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የታሸገው አይቀመስም፣ ጥያቄም አይመልስም።

ባንኮኒው ጋር ሲደርሱ የፎርማጆ ስም ከመጥራት ይልቅ ፍላጎትን መናገር ይቀላል፦ «ለስድስት ሰው ነው፤ ከዳቦ ጋር ይበላል፤ ጨው የበዛበት አንወድም፤ በዚህ ገንዘብ ውስጥ ይሁንልን።» ገንዘቡን አስቀድሞ መናገር አያሳፍርም፤ ሻጩን ከመገመት ያድነዋል። ከዳቦ ጋር ለመክሰስ ለአንድ ሰው ከ50 ግራም አይበልጥም፤ ፎርማጆው ራሱ ምግብ ከሆነ ከ100 እስከ 150 ግራም ይታሰባል። ቀጥሎ «ዛሬ የተሻለው የቱ ነው? መቼ ተቆረጠ?» ብለው ይጠይቁ። ከተቆረጠ ቀናት ከሆነውና በላስቲክ ተጠቅልሎ ላብ ካወጣው ቁራጭ ይልቅ ከትልቁ ላይ ፊትዎ እንዲቆረጥ ያድርጉ፤ የመጀመሪያው ስስ ቁራጭም ለቅምሻ ይሁን። እዚህም ቅምሻው ከለስላሳው ወደ ብርቱው ይሄዳል።

ስለ ዓይነቶቹ ጥቂት ማወቅ ለንግግሩ ይረዳል። ለአይብ የለመደ ምላስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀበለው ለጋ ጎዳን ነው፤ ጎዳ ከሳምንታት ጀምሮ እስከ ዓመታት ስለሚበስል «ስንት ወር የቆየ ነው?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው፤ የቆየው ደረቅ፣ ጣፋጭና ብርቱ ይሆናል። ፓርሚጃኖ ሬጃኖ የተባለው የጣሊያን ፎርማጆ ቢያንስ 12 ወር ይቆያል፤ አንዱ ድፍን 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ስሙም በቅርፊቱ ዙሪያ በነጠብጣብ ፊደል ተጽፎበታል፤ ስለዚህ ቅርፊት ያለበትን ቁራጭ መጠየቅ እውነተኛነቱን ማረጋገጫ ነው። በውስጡ ነጫጭ ጠጣር ፍሬዎች ከታዩ የመብሰሉ ምልክት ናቸው፤ ሻጋታም ጨውም አይደሉም። የኤመንታል ቀዳዳዎችም ጉድለት አይደሉም፤ ባክቴሪያዎች ሲያበስሉት የሚያወጡት ጋዝ የሠራቸው ናቸው። ሮክፎር ሰማያዊ ሻጋታው ሆን ተብሎ የሚገባበት፣ ከበግ ወተት የሚሠራ የፈረንሳይ ፎርማጆ ነው። ይህን ሁሉ በግ ይዞ አንድም የማያልብ የመንዝ ሰው በግ ታልቦ ፎርማጆ ይሆናል ሲባል መሳቁ አይቀርም፤ ቢቀምሰው ግን ጨዋማነቱ ለዳቦና ለማር እንደሚስማማ ያያል።

ሙስሊም ገዢዎች፣ እንዲሁም የእንስሳ ነገር የማይፈልጉ ሰዎች፣ ወተቱ የረጋበት ሬኔት ከምን እንደሆነ መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ፓርሚጃኖ ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ሬኔት የሚሠራ ነው፤ ከሌሎቹ ብዙዎቹ በተሕዋስያን ሬኔትም ይሠራሉ። ሻጩ ማወቅ አለበት፤ ካላወቀ ማሸጊያውን አውጥቶ ያሳይ።

ተፈጭቶ የሚሸጠውን ባይገዙ ይሻላል። እንዳይጣበቅ ስታርች ወይም ሴሉሎስ ይጨመርበታል፤ መዓዛውም ቶሎ ይጠፋል። ሌላው ጥንቃቄ መብራት ነው። የሱቁ መብራት ሲጠፋ ፎርማጆው ምን እንደሚደረግ ይጠይቁ፤ ሞቆ እንደገና የቀዘቀዘ ፎርማጆ ላዩ ላይ ቅባት ያንጠባጥባል፣ የታሸገ ከሆነም ሊነፋ ይችላል። የተነፋ እሽግ አይወሰድም። በእሽጉ ላይ ያለው ቀን በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የቀደመው ቁጥርም ቀኑ ይሁን ወሩ፣ ሳያጣሩ ገንዘብ አይክፈሉ።

ወደ ደብረ ብርሃን በሚደረገው ጉዞ ጠጣሩ ፎርማጆ በወረቀት ተጠቅልሎ በቦርሳ ውስጥ ቢቀመጥ ምንም አይሆንም፤ በመኪናው መስታወት ሥር በፀሐይ ላይ ግን አይቀመጥ። በውኃ ውስጥ የሚሸጠው ለጋ ሞዛሬላ የተለየ ነው፤ በረዶ ካልተያዘ አይወሰድ።

ከተገዛ በኋላ

አይብ በማቀዝቀዣ ከሦስት ቀን በላይ ባይቆይ ይመረጣል፤ ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው በገዛበት ቀን ወይም በማግስቱ ይጨርሰው። ንጹሕ ክዳን ባለው የሸክላ ወይም የብርጭቆ ዕቃ ይቀመጥ፤ በደረቅ ማንኪያ እንጂ በእጅ አይዘገን። ቅመሙ፣ ማለትም ኮረሪማው፣ ነጭ አዝሙዱና ጤና አዳሙ፣ ሊበላ ሲል ይግባ እንጂ ቀድሞ ገብቶ አይደር።

ጠጣር ፎርማጆ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ከላይ በላላ ላስቲክ ተሸፍኖ በማቀዝቀዣው የአትክልት መሳቢያ ይቀመጣል። ከመብላት በፊት አውጥቶ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ጣዕሙን ይከፍተዋል፤ በደብረ ብርሃን የጥቅምትና የኅዳር ብርድ ግን አንድ ሰዓት ቢቆይም አይበዛም። ጠጣሩ ላይ ጥቂት ሻጋታ ከታየ ዙሪያውንና ከሥሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ቆርጦ መጣል ይበቃል፤ ቢላዋው ሻጋታውን እንዳይነካ መጠንቀቅ ነው። አይብና ለስላሳ ፎርማጆ ከሻገቱ ግን ሙሉ በሙሉ ይጣሉ፤ ሻጋታው በማይታይበትም ገብቷልና።

አይቡ ቤት ደርሶ ጉድለት ከተገኘበት ሰው ሁሉ የሚያደርገው ዝም ብሎ ሻጭ መቀየር ነው፤ ይህ ግን ለገዢውም ለሻጯም ኪሳራ ነው። በማግስቱ ወይም በሚቀጥለው ገበያ ተመልሶ፣ ሰው በማይሰማበት፣ «እናቴ፣ ያለፈው ከጫጫ የመጣው አረር አረር አለብን» ቢባል ነጋዴዋ የትኛው ቤት እንደሆነ ወዲያው ታውቃለች፤ ለዚያች ሴት እሳቷን እንድትቀንስ ትነግራለች፣ ለገዢውም ቀጥሎ ከሌላ ቤት ትሰጣለች። አጓት ብቻ ሆኖ የተገኘ ወይም የተበላሸ ከሆነ በዕለቱ ከነኮባው ይመለስ፤ ኮባው የየትኛው ቤት እንደሆነ ስለሚያሳይ አይጣል። መልካም ሆኖ ሲገኝም የማን ቤት እንደሆነ ጠይቆ መያዝ ያስፈልጋል፤ ለፋሲካ ሲታዘዝ የሚጠራው ያ ቤት ነው።